መኪና በውክልና ስትገዙ ባለቤቱ በህይወት መኖሩን ጠይቁ፦ ባህር ዳር ላይ እኔ ያየሁት

ይሄን የምፅፈው መኪና ልትገዙ ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ነው፣ በተለይ እንደኔ የፊኒሺንግ ስራ ለምትሰሩ ልጆች። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ጨጓራዬን አላቃጥልም ነበር።

መኪና የፈለኩት ሰው እንዲያከብረኝ ነው፣ ይሄን ለመናገር አላፍርም። ጂፕሰምና ሴራሚክ ነው የምሰራው። ሽምብጥ አካባቢ ቪላ የሚያሰራ ሰው ጋር ግራይንደርና ሌቭል ታቅፈህ ከባጃጅ ስትወርድ የቀን ሰራተኛ ነው የምትመስለው፣ ዋጋ ስትነግረው ግማሹን ይቆርጥብሃል፣ ቅድሚያ ክፍያ ስትለው ደግሞ "ብሬን ይዘህ ብትጠፋስ?" ይልሃል። ያንኑ ስራ በዚያው ዋጋ በመኪና የመጣው ሲናገር ግን "ኢንጂነር" እየተባለ ቡና ይፈላለታል፣ ሳይማር። ትልልቆቹ ሲያወሩ ድሮ ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነች መምህሩም የቢሮ ሰራተኛውም በሳይክል ነበር የሚሄደው፣ በሳይክሉ ማንም አይንቀውም። አሁን ሰው ከሩቅ ታርጋህን ነው የሚያነበው፦ ሰማያዊ ከሆነ ኮድ 2 የግሉ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ኮድ 3 ድርጅት አለው፣ ጥቁር ከሆነ ኮድ 4 የመንግስት ነው፣ ተነስተህ ወንበር ትለቃለህ።

ቶዮታ ቪትዝ መረጥኩ። ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋ የትም አለ፣ ነገ ልሽጥ ብትል ገዢ አታጣም፣ በቃ። ሞተሩን በማውቀው መካኒክ አሳየሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር አመሳከርኩ፣ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን አጣራሁ። ዋጋው ያማል፣ ግን እሱን የማያውቅ የለም፣ በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት ተወደደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቶዮታ ሁሉ እንደ ወርቅ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው። ሊብሬው በአንድ ሰውዬ ስም ነው። ሰውየው ለሁለተኛው ውክልና ሰጥቷል፣ ሁለተኛው ለሶስተኛው ወክሏል፣ ሶስተኛው ነው ለኔ የሚሸጠው። እንዲህ አይነት መኪና ከተማው ሙሉ ነው፣ የስም ዝውውር ወጪውን ሽሽት ሁሉም ውክልናውን እየተቀባበለ ይነዳል። ደላላው "መሸጥ መለወጥ ይችላል ይላል እኮ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ" አለኝ። እኔ ግን በሱ ቃል ብቻ አላመንኩም፣ ብር ሳልከፍል ወረቀቱን ይዤ የመኪና ስም የሚዞርበት ቢሮ ሄድኩ። እዛ ያለው ሰራተኛ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ማህተሙን አየና "ትክክለኛ ነው፣ ግዛ" አለኝ። ግዛ ነው ያለኝ፣ በዚህ በጆሮዬ።

ተዋዋልን፣ ከፈልኩ። ስም ለማዞር ስሄድ ሌላ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የዋናውን ባለቤት የታደሰ መታወቂያ ኮፒ አምጣ አለችኝ። ሻጩ ቁጥሩ የለኝም አለ። ከሁለተኛው ሰው በስንት ልመና ተገኘና ደወልኩ፣ ሴት አነሳች። እከሌ አሉ ወይ ስላት ትንሽ ዝም አለችና "ወንድሜ፣ አባቴ እኮ ካረፈ ቆየ" አለችኝ። እኔ ስልኩን ይዤ እዛው ሰልፉ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው "ትገባለህ አትገባም?" ይለኛል። ነፍስ ይማር ማለት እንኳ የመጣልኝ ቆይቶ ነው።

ለካ በህጉ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቋረጣል። ማህተሙ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ሰውየው ከሞተ በኋላ ወረቀት ብቻ ነው። መጀመሪያ ግዛ ያለኝ ሰራተኛ ጋር ተመለስኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እኔ ያልኩህ ማህተሙ ትክክል ነው ነው፣ ሰውየው አለ መቼ አልኩህ?" እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንድ ጥያቄ፣ "ወካዩ በህይወት አሉ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ይጎልበት ነበር? የሰው የስንት ዓመት ላብ እኮ ነው! ሀላፊውን ላናግር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስብሰባ ሲያልቅ መስክ ወጥተዋል፣ ሲመለሱ ሲስተም የለም።

በመሀል ቦሎው (የዓመት ምርመራ ማረጋገጫው) አለፈበት፣ ስም ስላልዞረ ማሳደስ አልቻልኩም፣ መኪናዋ ቀበሌ 14 የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። እኔ በባጃጅ ስራ እሄዳለሁ፣ ሰው ግን እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ክብሯ ሳትነዳ ደረሰ፣ ወጪው ደግሞ ከክብሩ ጋር። አከራዬ እትዬ፣ እግዜር ይስጣቸውና ደግ ሴት ናቸው፣ በወሩ መጡና "ልጄ፣ አሁን እንግዲህ ሰው ሆነሃል" ብለው ኪራይ ጨመሩ። የአክስቴ ልጅ ለሰርጉ አጃቢ መኪናህን ስጠኝ አለ፣ አትንቀሳቀስም ስለው ሰስቶ ነው ብሎ ተቀየመኝ። አንድ ደንበኛ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ስጠይቀው "አንተማ ባለመኪና ነህ፣ ከኪስህ ጀምረው" አለኝ። ድሮ ድሃ ነህ ተብዬ የተከለከልኩትን አሁን ሀብታም ነህ ተብዬ ተከለከልኩ።

ወራሾቹ ደብረ ታቦር ነበሩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ወንድሟ ግን አባታችን የሸጠው በድሮ ዋጋ ነው፣ አሁን መኪናው ስንት እንደሚያወጣ እናውቃለን አለ። አልፈርድበትም፣ በአባቱ ስም ስላለ የነሱ ንብረት መስሎታል። ሽማግሌዎቹ አስማምተውን ግማሹን ሻጩ ግማሹን እኔ ጨምረን ከፈልን፣ እነሱም ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አወጡ፣ ከዛ ወራሾቹ ራሳቸው መጥተው ፈረሙልኝ። ሊብሬው በስሜ ሲወጣ ያቺው የመስኮቷ ልጅ ናት የሰጠችኝ። እሷን አመሰግናለሁ፣ ስራዋን የሰራች እሷ ብቻ ናት።

ቢሮ ብትጠይቁ የፀና ውክልና ካለ መግዛት ይቻላል ይሏችኋል። ይቻላል። እኔ ግን አትግዙ ነው የምለው፣ በተለይ ውክልናው ከአንድ እጅ በላይ ያለፈ ከሆነ። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው በአካል ይምጣ፣ መምጣት ካልቻለ ቪዲዮ ደውላችሁ ፊቱን እዩ። ደላላ "ሌላ ገዢ አለ" ብሎ ሲያጣድፋችሁ ለሌላው ይሽጠው። ከክፍያውም ስም እስኪዞር ድረስ የሚቆረቁር ያህል ብር አስቀሩ፣ ሻጭ ስልክ የሚያነሳው ገንዘቡ እናንተ ጋር እስካለ ነው።

መኪናዋ ግን ሰራችልኝ፣ ይሄንንም ልናገር። ስሟ በዞረ ሰሞን ሽምብጥ አንድ ቤት ልለካ ሄጄ ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ባለቤትየው ዋጋዬን ሳይከራከር ቅድሚያ ክፍያውን እዛው በሞባይል ላከልኝ። ሜትሬ ያው ነው፣ እጄም ያው ነው። ደስ ብሎኛልም፣ አናዶኛልም።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ መኪናው ግቢ ሳይገባ በፊት የኪራይ ውላችሁን አድሱ፣ ቢያንስ የዓመት፣ በፅሁፍ።