ነጭ ዓሣ ስንት ዓይነት ነው?

ባሕር ዳር ሰው የሚሄደው ገዳማቱን ለማየት ነው። እኔን የወሰደኝ ዓሣ ነው። አየርላንድ ድንበር ላይ ባለው ሎክ ሜልቪን ሐይቅ ትራውት የሚባለው ዓሣ ሦስት ዓይነቱ አብረው እንደሚኖሩ ካነበብኩ ወዲህ፣ የኛውን ጣና ሳላይ መቅረት አልሆነልኝም።

በጠዋት ወደቡ ላይ ስደርስ ጀልባዎቹ ገብተዋል። ፔሊካኖቹ የሆድ ዕቃ ይሻማሉ። የሚጠራው ሦስት ስም ብቻ ነው፤ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶንና አምባዛን ማንም አይስትም። ነጭ ዓሣ የተባለው ክምር ግን የአንድ ቤት ልጆች አይመስልም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?» አልኳቸው አንዱን አስጋሪ።

«አፉን እየዋ!» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ሰደው የአንዱን መንጋጋ ከፈቱት። ትልቅ አፍ ነው፤ ግን አንድም ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ከስንጥቡ ኋላ፣ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከንፈሩ ወፍሮ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ ዓይኑ ግን ጉድ ነው።

ምሁራኑም እዚሁ ላይ ነው የተጋጩት። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ በርከት ያሉ ዝርያዎችን መዘገበ። ሌሎች ጨመሩበት። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባኒስተር የሚባል ተመራማሪ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። ክምሩን ላየ ሰው ይሄ ትንሽ ድፍረት ነው። በኋላ ናገልከርክና ሲቢንግ የተባሉ ሆላንዳውያን እንደገና ለክተው፣ ምግባቸውንም አይተው 15 አደረሷቸው። ከነዚህ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! አንዱን ትራውት ስለሚመስል ትሩቲፎርሚስ ብለውታል።

ይህ ሁሉ እዚህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከታች የመጣ ዓሣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ጣና ውስጥ የቀረው ዘር እርስ በርሱ ምግብ ተከፋፈለ፤ አንዱ ተክል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ፣ አንዱ ወንድሙን።

ከሰዓት በኋላ በጎንደር መንገድ እስከ ጉማራ ድልድይ ሄድኩ። ውሃው ድፍርስ ነው። በክረምት አንዳንዶቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠራ ያለና ጠጠር ያለበት ገባር ነው። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ ታዲያ የሚያዘው ሊወልድ የመጣው ነው። ሐይቁ ውስጥ የሚወልዱት ከዚህ ይተርፋሉ። «ነጭ ዓሣ አለ ወይስ አለቀ?» ብሎ በጅምላ የሚጠይቅ ሰው ይሄን ልዩነት አያየውም።

ወደቡ ላይ ግን ሁሉም አንድ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ባንድ ዋጋ ይሸጣል። እኔም ባለ ወፍራም ከንፈሩን መርጬ ገዛሁ። አጥንቱ ብዙ ነው፤ ቀረሶ ይሻላል።