ስድስት ኪሎ ሄዶ ጋኔን ማየት

ጃፓን፣ አኪታ ውስጥ ያለውን የናማሃጌ ሙዚየም በፎቶ ያየ ሰው ስድስት ኪሎ ሲመጣ ቅር ሊለው ይችላል። ጃፓኖቹ ናማሃጌ የሚሉትን ጋኔን መሳይ ፍጡር ጭምብልና የገለባ ካባ አልብሰው አቁመውታል። የእኛው ጋኔን ግን በአብዛኛው ስም እንጂ መልክ የለውም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክታብ፣ ማለትም ጋኔን ማባረሪያ ጸሎት የተጻፈበት ብራና፣ ያገኘ ሰው ማየቱን ትቶ ማንበብ ነው ያለበት።

መግቢያው በዩኒቨርሲቲው ዋና በር፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ማዶ ነው። ቤቱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለሆነ ጎብኚው ሁሉ ወደ ንጉሡ መኝታ ቤት ይሮጣል፤ ክታቡን ግን እንደ አሮጌ ብራና ያልፈዋል።

ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ብራና ይሠራል። ደንቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። አንድ ቆዳ ያን ያህል ስለማይደርስ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይቀጣጠላል፤ ስፌቱን ፈልጉት።

ንባቡን ከቀይ ቀለም ጀምሩ። «ጸሎት በእንተ ሕማመ…» (ስለ እገሌ ሕመም የሚጸለይ ጸሎት) ካለ በኋላ የሚመጣው የሚባረረው ነው፦ ዓይነ ጥላ፣ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ሾተላይ። ወረድ ብሎ «ለአመትከ» ካለ ባለቤቷ ሴት ናት፣ «ለገብርከ» ካለ ወንድ፤ ተከትሎ የክርስትና ስም ይመጣል። የስሙ እጅ ጽሑፍ ከሌላው ከተለየ፣ ደብተራው ቀድሞ ጽፎ ለስሙ ክፍት ቦታ ትቶ ነበር ማለት ነው። ተፍቆ እንደገና ከተጻፈ ደግሞ ክታቡ ባለቤት ቀይሯል።

ሥዕሉ ላይ ስህተት ይበዛል። ፈረሰኛ ጦር ይዞ ሲታይ «ጊዮርጊስ ነው» ይባላል። ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶ ካለ፣ አዎ፤ ሴት ከሆነች ግን ፈረሰኛው ቅዱስ ሱስንዮስ ነው፣ እሷም ሕፃናት የምትገድለው ወርዝልያ። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ መሀል ያለውን ፊትም ጋኔን ነው ብሎ የሚደነግጥ አለ። ጠልሰም፣ ማለትም ጋኔን ማባረሪያ ሥዕል፣ ነው፤ ያፈጠጡት ዓይኖች የተሣሉት በሕመምተኛው ዓይን አሻግሮ የሚያየው ጋኔን አይቷቸው እንዲሸሽ ነው። እንደ መረብ የተጠላለፈ መስመር ካያችሁም «መርበብተ ሰሎሞን» የሚለውን ጸሎት አስቡ፤ አጋንንቱ እንደ ዓሣ የሚጠመዱበት ነው።

ክታቡ ላይ ከሚባረሩት ስሞች ሐኪም ቤት ድረስ የዘለቀው ልጅ ይገድላል የሚባለው ሾተላይ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቃሉ የሚነሳው የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዚቲቭ ልጅ ስታረግዝ ነው። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ሲሆን ልጁ ፖዚቲቭ ከሆነ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።