ስፓኒሽ የምትማሩ፣ ከውሃ ጀምሩ

ማድሪድ ስገባ ከስልኬ አፕ ላይ የለቃቀምኳት ስፓኒሽ ነበረችኝ። በነፃ የሚሰጥ የማታ ኮርስም ተመዘገብኩ። የመጠጥ ስሞች ቶሎ ገቡኝ። ጥቁር ቡና ካፌ ሶሎ፣ በወተት ካፌ ኮን ሌቼ። ከኛ ማኪያቶ ጋር የሚቀራረበው ኮርታዶ ነው። «ማንቻዶ» ድምፁ ስለሚመሳሰል እንዳይሸውዳችሁ፤ ቡና የነካው ወተት ነው የሚመጣላችሁ። ጭማቂ እዚህ ሱሞ ነው፤ የላቲን አሜሪካ ሰዎች ሁጎ ይሉታል። ትንሽ ብርጭቆ ድራፍት ደግሞ ካኛ።

ያቃጠለኝ ውሃ ነው።

ኮርሱ ላይ ያስተማሩን «አጉዋ»ን ብቻ ነው። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ፍሪያ ኦ ዴል ቲየምፖ?» አለኝ። ፍሪያ ቀዝቃዛ ነው፣ እሺ። ቲየምፖን ግን ያወቅኩት ጊዜ ወይም የአየር ፀባይ ተብሎ ነው። ሰውዬው ስለ ዝናብ ሊያወራኝ ነው? ዝም ብዬ «ሲ» (አዎ) አልኩ። ፊቱን አጨማዶ ሄደ። ለካ ፍሪጅ ያልገባ ይሻልሃል ወይ ማለቱ ነው! ይሄን የማያስተምር ኮርስ ምን ይሠራል?

የታሸገ ውሃ ከፍቶ አስቀመጠልኝ። ሂሳቡ ሲመጣ የውሃው ዋጋ ከቡናዬ በልጧል። በእጄ ወደ ቧንቧው እያሳየሁ ብጠይቀው «እሱን አንሰጥም» አለኝ። እኔም ከፍዬ ወጣሁ።

በኋላ ነው የሰማሁት። በ2022 የወጣ የቆሻሻ አወጋገድ ሕግ፣ ቁጥሩ 7/2022፣ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች የቧንቧ ውሃ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አላማው ፕላስቲክ መቀነስ ነው። አስተናጋጁ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እኔ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሸመድዱት «ኡን ባሶ ዴ አጉዋ ዴል ግሪፎ» ይሁን። አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ማለት ነው፤ ግሪፎ ቧንቧ ነው። እሱን ካላላችሁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የታሸገው ነው። የማድሪድ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አትፍሩት።

አስተማሪያችን «ኪሲየራ» (እፈልግ ነበር) እያላችሁ በትህትና እዘዙ ትላለች። ተዉት። ባር ውስጥ እንደዛ ሲል የሰማሁት ሰው የለም። «ሜ ፖኔስ ኡን ኮርታዶ?» (አንድ ኮርታዶ ትሰጠኛለህ?) በሉ፣ መጨረሻው ላይ «ፖር ፋቦር» (እባክህ) ጨምሩ፣ አለቀ። ማንም አይቀየማችሁም።

ያንን ምግብ ቤት እስከዛሬ ደግሜ አልረገጥኩትም።