ፋሽን ያለፈባቸው ሉሮች

ዛሬ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። ወንዝ መሄዱ ቀረና የማጥመጃ ሳጥኖቼን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግፌ ማጽዳት ያዝኩ። ባለቤቴ "ደግሞ ይሄን ኮተት አመጣኸው?" ብላ ተራምዳው አለፈች። አልፈርድባትም። ግማሹ ዛሬ ማንም የማይወረውረው ዕቃ ነው።

ዓሣ ማጥመድ ለማታውቁ፦ ሉር የምንለው የዓሣ ምግብ መስሎ የሚያታልል፣ መንጠቆ የተገጠመለት የእንጨት፣ የፕላስቲክ ወይም የብረት ነገር ነው። ባስ ደግሞ አሜሪካኖች የሚያብዱለት አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። ለእሱ ተብሎ የተሠራው ሉር ተቆጥሮ አያልቅም። በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፣ የአምናው ይረሳል። እኔ ልቤ ያለው ከተረሳው ጋር ነው።

መጀመሪያ እጄ የገባችው ሁላ ፖፐር ናት። ከአውራ ጣት ትንሽ ረዘም ትላለች። ጀርባዋ በእንቁራሪት ቀለም ተቀብቷል፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ። ፊቷ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለሆነ ክሩን ጎተት ሲያደርጉት ውሃውን "ቧ!" ታደርገዋለች። ከወገቧ በታች በቀጫጭኑ የተተለተለ የጎማ ጉርድ ለብሳለች። ለብሳ ነበር ማለት ይሻላል። የድሮው ጎማ ሙቀት ካገኘው ይሟሟል። ሰመሩን መኪና ውስጥ ከርማ ጉርዱ ቀልጦ ሳጥኑ ላይ ተጣብቋል። በቢላ ፍቄ ሳነሳው ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ፤ በሳሙናም አልለቅ ብሏል።

ሁላ ፖፐርን ወርውረህ ዝም ትላለህ። ስትወድቅ የፈጠረችው ሞገድ ክብ እየሠራ እስኪጠፋ ድረስ አትነካትም። ከዚያ አንዴ ጎተት። እንደገና ዝም። ባስ የሚመታት ብዙውን ጊዜ ዝም ባለችበት ሰዓት ነው። ይህን የሚታገስ ሰው ዛሬ ጀልባ ላይ እምብዛም አላይም።

እኔን ይህን ያስተማሩኝ አሜሪካ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የማታ ፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ሐበሾቹ "ጋሼ" እንላቸው ነበር። ትርጉሙን ስንነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ኋላ ላይ እንደውም በስማቸው የጠራቸውን ልጅ "ጋሼ በለኝ እንጂ" እያሉ ያርሙ ነበር። ትንሽዬ የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረቻቸው። ሥራ በሌለን ሌሊት ፖቶማክን ተሻግረን ሜሪላንድ በኩል ማታዎማን የሚባለው ገባር ውስጥ እንገባለን። ዳር ዳሩ የውሃ ላይ ቅጠል የሞላበት፣ ቀን ጀልባ የሚተራመስበት፣ ሌሊት ግን እንቁራሪት ብቻ የሚጮህበት ቦታ ነው።

የጋሼ ሉር አንድ ነው፤ ጥቁር ጂተርበግ። ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ የነበረው ፍሬድ አርቦጋስት ነው እ.ኤ.አ. በ1938 ገበያ ላይ ያወጣው። ሁላ ፖፐርም የእሱ ናት። ጂተርበግ ፊቱ ላይ ሰፊ፣ ሁለት ጎድጓዳ ያለው የብረት ከንፈር አለው። ክሩን በዝግታ ስትጠቀልል ከንፈሩ ውሃውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየገፋ ሉሩን ያወዛውዘዋል። ድምፁ ከሙሉ ጀሪካን ውሃ ሲንዶቀዶቅ የሚሰማው ነው፣ ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ። በጨለማ ሉሩ ባይታይህም የት እንደደረሰ በጆሮህ ታውቃለህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ ከንፈሩን ከፕላስቲክ ይሠሩት ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያንን የፕላስቲኩን እየፈለጉ ይገዙታል፤ በችግር ጊዜ የተሠራው ከደህናው ጊዜ በለጠ ማለት ነው።

ለምን ጥቁር ብዬ ስጠይቃቸው ጋሼ ወደ ሰማይ አሳዩኝ። ዓሣው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። ሌሊት ሰማይ ከውሃው ይልቅ ፈካ ስለሚል ጥቁሩ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ሌላው ትምህርታቸው ደግሞ ስለ እጅ ነበር። ባስ ሌሊት ጂተርበግን ሲመታ ድንጋይ ውሃ ውስጥ የተወረወረ ነው የሚመስልህ። ትደነግጣለህ፤ ደንግጠህ ከሳብክ ሉሩ ባዶውን ወደ ፊትህ ተወርውሮ ይመጣል። "ጆሮህን አትመን፣ ክብደቱ እጅህ ላይ ሲያርፍ ብቻ ሳብ" ይሉ ነበር። ለመናገር ይቀላል።

ሳጥኑ ሥር አንድ የብርጭቆ ዕቃ አገኘሁ። የአሳማ ቆዳ ነው። አዎ፣ የአሳማ ቆዳ ከነስቡ፣ በእንቁራሪት ቅርጽ ተቆርጦ፣ ጥቁርና ቡናማ ተነክሮ፣ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ። አንክል ጆሽ የሚባል የዊስኮንሲን፣ የፎርት አትኪንሰን ኩባንያ ነበር የሚሠራው፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ። ክብደት ያለው ጂግ መንጠቆ ላይ ሰክተህ ከታች ድንጋዩ ላይ ታዘልለዋለህ። ፕላስቲክ በቅዝቃዜ ይደርቃል፤ ይሄ ግን ውሃው በረዶ ሊሆን ሲል እንኳ ለስላሳ ሆኖ ይወዛወዛል። የካቲትና መጋቢት ላይ አቻ አልነበረውም። ጣጣው መንጠቆው ላይ ረስተኸው ከሄድክ ነው። ይደርቅና ጫማ ሶል ይሆናል። መንጠቆውንም በዝገት ያበላዋል።

እማዬ ከሐዋሳ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ይህን ዕቃ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ?"

"ለዓሣ ነው እማዬ።"

"ከምን የተሠራ?"

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አማተበችና እጄን እንድታጠብ አዘዘችኝ፣ ሳልነካውም። ከዚያ ቁጭ ብላ በቁም ነገር ጠየቀችኝ፦ "አሳማ የበላ ዓሣስ ይበላል?" አባቶችን የሚያከራክር ጥያቄ ይመስለኛል። እኔ ግን ባስ ይዤ መልሼ እንደምለቀው ነገርኳት። ይሄኛው ከአሳማው በላይ አስደነገጣት። "ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?"

እውነት ለመናገር ሐዋሳ ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ነው። እኛ አሞራ ገደል አካባቢ በእጅ ክር፣ በትል፣ ለምሳ ነው የምናጠምደው። የሐይቃችን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ በአብዛኛው የውሃ አረንጓዴ ለቃሚ ስለሆነ ቀለም የተቀባ እንጨት ብትወረውርለት አያይህም። የእንጨት ሉር ሊመታ ከውሃው ተንደርድሮ የሚወጣ ዓሣ መኖሩን ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ለዚህ ይሆናል ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት የድሮ ሉሮች ከሁሉ በላይ የሚገርሙኝ።

አንክል ጆሽ የአሳማ ቆዳውን መሥራት ካቆመ 10 ዓመት ገደማ ሆነው። ያቆመው ዓሣው ስለሰለቸው አይደለም። ዘንድሮ አሳማ በፍጥነት አድጎ በልጅነቱ ይታረዳል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ወፍራም ቆዳና ስብ ሳያበጅ። የሚፈልጉት ቆዳ ከገበያ ጠፋ። አንድ ሉር በአሳማ አረባብ ምክንያት ይሞታል ብሎ ማን ያስባል? የቀረችኝን ዕቃ አልከፍታትም። እማዬ ይህን ብታነብ "እሰይ" ትላለች።

የድሮ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በ1990ዎቹ ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ ይለፈፉ የነበሩ አሉ። ሮላንድ ማርቲን የሚባለው ዝነኛ አጥማጅ የሚያስተዋውቀው ሄሊኮፕተር ሉር፣ ከዚያ ባንጆ ሚኖው። ጋራዡ ውስጥ በትንሿ ቴሌቪዥን ማስታወቂያውን በአፌ እስክይዘው አይቻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ በከፊል የእነሱ ውጤት ነው። ሁለቱም ሳጥኔ ውስጥ አሉ። ይቀመጡ፣ አልናፍቃቸውም።

ኒክ ክሪም የሠራት የፕላስቲክ ትል ግን ሌላ ናት። እሱም የአክረን ሰው ነው፣ እንደ አርቦጋስት። በ1949 ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ሠራ፣ ከዚያ ኩባንያው ወደ ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ትሎች ክርና መንጠቆ ውስጣቸው ተዘጋጅቶ፣ ፊታቸው ላይ ዶቃና ትንሽ ማሽከርከሪያ ተደርጎ ነበር የሚሸጡት። ያን የምታክል ጌጥ ዛሬ ማን ያደርጋል? አሁን ትሉ ለብቻ፣ መንጠቆው ለብቻ፣ ክብደቱ ለብቻ ነው። ዓሣ ይይዛል፣ በደንብ ይይዛል። ዶቃዋ ግን ታምር ነበር።

ታዲያ ማን ጣላቸው? ብዙ ሰው "ዓሣው ለመዳቸው" ይላል። እኔ አልቀበለውም። ጋሼ ሲወረውሩት የነበረውን ጂተርበግ ያየ ባስ ዛሬ በሕይወት የለም። ለልጅ ልጁ አይነግረውም። የተለወጠው አጥማጁ ነው ባይ ነኝ። ሬይ ስኮት በ1967 አርካንሳ ቢቨር ሐይቅ ላይ የባስ ውድድር ጀመረ፤ በ1971 ትልቁ የክላሲክ ውድድር ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ባስ ማጥመድ ሰዓት የሚቆጠርበት፣ ሽልማት ያለበት ሥራ ሆነ። ሰዓት እየተቆጠረበት ሞገድ እስኪጠፋ የሚጠብቅ የለም። ቶሎ ወርውሮ ቶሎ የሚጠቀለል፣ ሰፊ ውሃ የሚያካልል ሉር ተፈለገ። እሁድ ለመዝናናት የሚወጣውም ሰው ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ገዛ።

ፋብሪካዎቹም ተሸጡ። እንጨት ሉር ከሚሺጋን ዶዋጂያክ ይልክ የነበረው ሄደን፣ የኢንዲያናው ክሪክ ቸብ፣ አርቦጋስትም ጭምር ዛሬ ስማቸው በአንድ የአርካንሳ ኩባንያ ሥር ነው። ክሪክ ቸብን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጆርጅ ፔሪ በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ሞንትጎመሪ ሐይቅ ላይ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ የያዘው በክሪክ ቸብ የእንጨት ሉር ነው። በ2009 አንድ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ እኩል አደረሰው እንጂ ማንም በግልጽ አልበለጠውም። ስንት ሺህ ዶላር ጀልባ፣ ስንት ስክሪን ከወጣ በኋላ።

ስለ ስክሪን ካነሳሁ፣ አንድ ሐበሻ ጓደኛ አለኝ፣ በዕድሜ ታናሼ ነው። ጀልባው ላይ ላይቭስኮፕ አስገጥሟል፤ ጋርሚን በ2018 ያወጣው፣ ዓሣውንም ሉሩንም ውሃ ውስጥ በቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ። "ጋሼ፣ አየኸው? መጣ፣ መጣ፣ ተመለሰ" ይለኛል፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ። (ጋሼነቱ ወደ እኔ ዞሯል፣ ምን ይደረጋል።) ብዙ ይይዛል፣ ከእኔ እጥፍ። ለሙያው አከብረዋለሁ። ግን ሌሊት ጨለማ ውስጥ ዶቅ ዶቅ ሲል ቆይቶ ድንገት ድምፁ የሚቋረጥባትን ቅጽበት በዚያ ስክሪን አያገኛትም። ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃላ!

እኔም ብሆን መጋቢት ላይ አዳዲሶቹን ለስላሳ ፕላስቲኮች ነው የምወረውረው። ሰውን የሚያስቀው ደግሞ አሁን ሱቁን ያጥለቀለቀው ዎፐር ፕሎፐር ነው። ውሃ ላይ ጅራቱን እያሽከረከረ ይንቦጫረቃል። ወጣቶቹ አዲስ ግኝት ይመስላቸዋል። ውሃ ላይ እየተንቦጫረቀ ባስ የሚጠራ ሉርማ አያቶቻቸውም ነበራቸው።

ይሄው ጓደኛዬ ማታ ፎቶ ስልክለት "ጋሼ፣ እነዚህን በፍሬም አድርገህ ግድግዳ ላይ ስቀላቸው፣ ዋጋ አላቸው" አለኝ። ዋጋ እንኳ አላቸው። በ1859 የተመዘገበው የኦሃዮ ሃስኬል ሚኖው ከሚባለው ሉር አንዱ በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። የእኔዎቹ ግን መንጠቆ የበሳቸው፣ በጥርስ የተፋቁ ናቸው፤ ሰብሳቢ አይነካቸውም። ተከራከርን፣ ተስማማን። ቀለሙ የተላጠውን አንድ የእንጨት ሄደን እሰቅላለሁ። የጋሼን ጥቁር ጂተርበግ ግን አልሰቅልም። ጁላይ ላይ ማታዎማን እወስደዋለሁ፣ ጓደኛዬንም ይዤው እሄዳለሁ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ለመቀመጥ እሺ ካለኝ።