ከአውሮራ እስከ ሞአብ፣ በራሱ ከሚይዝ ፍሬን ጋር

ከኮሎራዶዋ አውሮራ ተነስተን ዩታ ውስጥ ያለችው ሞአብ ድረስ ለመሄድ አሰብን። በበጋ ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ምድጃ ያለው ቤት መሰል መኪና፣ እንከራይ ካላችሁ ዋጋው አይቀመስም። እኛ ደግሞ ብዙ ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹ፣ ወንድሟና አጎቷ። አጎቷን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለዚህ እኔና የባለቤቴ ወንድም ተካፍለን አንድ ያረጀ ሞተርሆም ገዛን። ቁመቱ እንደ አንበሳ አውቶቡስ ነው፣ ቤንዚን ደግሞ ይጠጣል። የተሠራው በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ አልናገርም። ይህን ሁሉ ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ ስም ማጥፋት ደስ አይልም።

የሸጡልን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡን አንድ የላስቲክ ከረጢትም ጨመሩልን። ውስጡ አንዲት ትንሽ ስዊች፣ አንድ ጠርሙስ የካምቢዮ ዘይትና አንድ የብሎን መፍቻ ነበረበት። «ይህንን ሳትይዙ ከከተማ እንዳትወጡ» አሉን። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ጣሪያው ምንም አላሉም። ስለ ፓርኪንግ ፍሬኑ ብቻ ነበር የነገሩን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቤታችን ደጃፍ የምናቆማት ተራ አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ላይ ሲገባ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት ጥርስ ትቆልፋታለች። የእጅ ፍሬን ብትስብ ባትስብ ቆማ ታድራለች። እንደኛው ያሉ ከባድ ሞተርሆሞች ግን ያቺ ጥርስ የለቻቸውም። በሷ ፋንታ ከካምቢዮው ኋላ፣ ወደ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያካፍለው) የሚሄደው ዘንግ ላይ፣ አንድ የፍሬን ታምቡር፣ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ክብ ብረት፣ ተገጥሟል። ማርሹን ፒ ላይ ስታደርገው ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ከፒ ስታወጣው በራሱ ይለቃል።

እንዴት? የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው። የሚያስለቅቀው የዘይት ግፊት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሞላውን ጨምቆ ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ይለቃል። ግፊቱ ሲሞላ ፓምፑን የምታጠፋው፣ ሲቀንስ ደግሞ የምታስነሳው ያቺ ከረጢት ውስጥ ያለችው ስዊች ናት። ልብ በሉ፤ መኪናው በሚሄድበት ሰዓት ሁሉ ፍሬኑን ለቆ የያዘው ዘይት ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ስዊቿ ካበደች ሞላው ሥራውን ይሠራል። በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድክም ቢሆን አይጠይቅህም።

ቆሞ ላለ መኪና ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ዘይት ቢፈስ መኪናው ቁልቁል አይሄድም፣ ይቆለፋል። ለሚሄድ መኪና ግን ጣጣ ነው። የፍሬኑ ሸራ፣ ማለትም ታምቡሩን እየተጫነ የሚይዘው ክፍል፣ ታምቡሩን በትንሹ እየነካ ይሄዳል። ሾፌሩ መኪናው ሰነፈ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ታምቡሩ ይግላል፣ ይሸታል፣ ቶሎ ካልቆመ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ሰው የሚያስፈልገው ፍሬን ነው በሉኛ» አሉ።

ጋሼ የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌር ናቸው። ኤንትሬ ከነተሳቢው ነድተው ጣርማበርን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን ያውቃሉ። እሳቸው ዘንድ ማቆሚያ ፍሬን ማለት ረዳቱ ዘሎ ወርዶ የሚያስገባው ታኮ ነው። ከመነሳታችን በፊት ከጋራዥ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ታኮ ይዘው መጡ። ገበያ ላይ የላስቲክ አለ ብንላቸው አልሰሙንም።

ከመውጣታችን በፊት ከሥር ገብተን አየነው። ዘይቱን በመጀመሪያ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ፍሬኑ ሲይዝ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ ሲለቅ ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ ልኩ የሚታየው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሚለው ሁኔታ ብቻ ነው። ዝም ብለህ ጎደለ ብለህ ከሞላህ ፍሬኑ ሲይዝ በላይ ይፈስሳል። ዘይቱ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የኛው መጽሐፍ ዴክስሮን ሦስት የሚባለውን ዓይነት ይላል። የፍሬን ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒዎቹን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዙትን ላስቲኮች) በሙሉ ያበላሻል። ከዚያ ሞላው ያለበት ሲሊንደር ጫፍ ላይ ያለችውን ላስቲክ አየን፤ ደረቅ ናት፣ ቀይ ዘይት የለባትም። ፍሬኑን የሚስበው የሽቦ ገመድም አልተበላም። በመጨረሻ ትንሽ ዳገት ላይ አቁመን ፍሬኑ ብቻውን ይዞ እንደሚቆም አረጋገጥን፣ ጋሼ ታኮ ይዘው ጎማው ሥር ቆመው ማለት ነው።

ከአውሮራ ጎን ካለችው ዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ 70 አውራ ጎዳና ስትወጣ መንገዱ አይምርም። ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የአይዘንሃወር ዋሻ ትደርሳለህ፤ 3,400 ሜትር ነው። እንጦጦን ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ነው እንግዲህ። ዋሻው በ1973 የተከፈተ ሲሆን 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ጣሪያውን እያዩ የጣርማበርን ዋሻ አነሱ። ጣሊያን የቆፈረው፣ እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለ። «እዚያ ጉም ሲገባ ረዳቱ ከፊት በእግሩ እየሄደ ይመራን ነበር» አሉ። ልጆቹ አላመኑም።

ከዋሻው እንደወጣህ ወደ ሲልቨርቶርን የሚያወርደው ቁልቁለት ይጀምራል። ዳገትነቱ እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ከመንገዱ ዳር ፍሬን ለጠፋበት ከባድ መኪና የተሠራ፣ ጠጠር የተሞላ ሽቅብ መውጫ አለ። እዚህ ላይ ፓርኪንግ ፍሬኑ ምንም ሥራ የለውም፤ እንዲያውም አደራ እንዳይነካ። በሙሉ ፍጥነት ዘንጉን አንቆ ቢይዝ የሚሰበረው ነገር ብዙ ነው። ሥራው የማርሹ ነው። የባለቤቴ ወንድም ገና ከዋሻው ሳይወጣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እያጉረመረመ ወረደ። ኋላችን የነበረው ሰው ጡሩንባ ነፋ። ጋሼ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው እለፍ አሉት።

ግሌንዉድ ካንየን የሚባለው ሸለቆ ውብ ነው፣ ስለሱ ብዙ ተጽፏል። እኛ ልጆቹ ሽንት ቤት እስኪጠቀሙ ቆመን አለፍን። ከገደሉና ከኮሎራዶ ወንዝ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ መንገዱን በድልድይ በድልድይ አንጠልጥለውታል። በ1992 ነው ያለቀው።

ፍሩታን አልፈን ዩታ ገባን። ከዚያ በኋላ በረሃ ነው። ነዳጅ ማደያ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። ሙቀቱ አናት ይመታል። እዚያ መሃል ነው ዳሽቦርዱ ላይ «አውቶ ፓርክ» የሚለው የዚሁ ፓርኪንግ ፍሬን መብራት ብልጭ ያለው። ብልጭ ብሎ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። መስኮት ስንከፍት ከፊት ከሥር እንደ ንብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፓምፑ ነው። ጤነኛ ፓምፕ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ዝም ይላል። ይሄ ዝም አይልም።

ይህ መብራት ሲመጣ «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» የሚባል ነገር የለም። የነዳጅ መብራት አይደለም። በቀጣዩ መውጫ፣ ቶምሰን ስፕሪንግስ ላይ ወጥተን ሜዳ ቦታ ፈልገን ቆምን። መንገድ ዳር ተዳፋት ላይ ቢሆን ከሥር ለመግባት አይመችም። ገና ሙሉ በሙሉ ሳንቆም ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ። ታኮዎቹን ከፊትና ከኋላ ጎማ ሥር ከተቱ፣ በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። «አሁን ግቡ» አሉ።

መጀመሪያ ታምቡሩን። አትንኩት፤ እጅ አስጠግቶ ሙቀቱን መስማት ይበቃል። ሞቅ ያለ ነው እንጂ አልጋለም፣ የተቃጠለ ሸራም አይሸትም። ተመስገን። ቶሎ መቆማችን ጠቅሟል። ከዚያ ፓምፑ ጋ ሄድን። ስዊቿ የተጠመደችበት ቦታ ላይ ቀይ ዘይት ወዝቶ አቧራ ይዞ ጭቃ ሆኗል። በእጄ ጠረግኩት፣ ወዲያው አንዲት ጠብታ ተመልሳ መጣች። ከስዊቿ መሃል፣ ፕላስቲኩና ብረቱ ከሚገናኙበት ነው የሚወጣው። የሶኬቱ ውስጥም ዘይት ገብቶበታል። ሰውየው ለምን ሌላዋን በከረጢት አስረው እንደሰጡን ያኔ ገባን።

መቀየሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ማርሹ ፒ ላይ መሆን አለበት፤ ያኔ ግፊቱ ወርዶ ፍሬኑን የያዘው ሞላው ብቻ ይሆናል። የፓምፑን ፊውዝ ነቀልን፣ ሳናስበው ተነስቶ ዘይት ፊታችን ላይ እንዳይረጭ። ሶኬቱን አወጣን፣ አሮጌዋን ፈታን፣ አዲሷን ቶሎ አስገባን። የፈሰሰው ከአንድ ሲኒ አይበልጥም። ዘይቱን ሞላን። ከዚያ ሞተር አስነስተን፣ እግር ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሹን ከፒ እያወጣን እየመለስን ውስጡ የገባው አየር እንዲወጣ አደረግን። ፓምፑ ትንሽ ጮኸና ዝም አለ። ይህን ዝምታ ያልናፈቀ ሞተርሆም አልነዳም።

ባለቤቴ በዚህ መሃል ቡና አፍልታለች። በጋዙ ምድጃ። በረሃ መሃል፣ በመኪና ጥላ፣ አቦል ጠጣን።

ሞአብ ስንደርስ መሽቷል። የያዝነው የካምፕ ቦታ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። የፓርኪንግ ፍሬኑ ሁለተኛው ጠባይ የሚወጣው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ ከስዊቿም በላይ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል። ሞተርሆማችን ወለሉ ቀጥ እንዲል በአራት የሃይድሮሊክ ክሪኮች ይነሳል። ፍሬኑ ደግሞ የያዘው ዘንጉን ነው፣ ጎማዎቹን አይደለም። በዘንጉና በጎማዎቹ መሃል ዲፈረንሻል አለ። ክሪኩ አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ካነሳው፣ የተነሳው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት የነካው ወደፊት መሄድ ይችላል። ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ፍሬኑም እንደያዘ ነው። መኪናው ግን ይሄዳል። ከነቤቱ፣ ከነተኙት ልጆች።

መላው ቀላል ነው። የኋላ ጎማዎች ከመሬት አይነሱ። መሬቱ በጣም ካዘነበለ ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ ይገባል፣ ታኮ ይደረጋል፣ ክሪኩ በስተመጨረሻ በትንሹ ያስተካክላል። በማግስቱ ጠዋት የቴክሳስ ታርጋ ያለው ጎረቤታችን ያንኑ የመሰለ ሞተርሆም አቁሞ አየን። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ታኮ የሚባል ነገር የለም። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ብዙም አይደለም። ሄደው የተንጠለጠለውን ጎማ በእጃቸው ገፉት። ጎማው እንደ ልቡ ዞረላቸው። ከዚያ መሬት ያለውን ጎማ፣ ከዚያ ቁልቁል ያለውን ወንዝ በጣት አሳዩት። ሰውየው ቡናውን አስቀምጦ ጣውላ ፍለጋ ሄደ።

በተመሳሳይ ምክንያት፣ ይህ ዓይነት መኪና ተበላሽቶ ሲጎተት ዘንጉ ይፈታል። ዘንጉ ከተፈታ ፓርኪንግ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ጎታቹ ሁሉ ይህን ያውቃል ብላችሁ አትመኑ፤ ታኮውን ራሳችሁ ያዙ።

አርችስ ፓርክን ከመዞራችን በላይ ያንን ጎማ ሲዞር ማየቱ ለልጆቹ ትልቅ ነገር ሆነባቸው። ፓርኩ ውስጥ ከ2,000 በላይ የድንጋይ ቅስቶች አሉ። የዩታ ታርጋ ላይ ያለችውን ዴሊኬት አርች ሄደን አየናት፤ ጋሼ ውሃ ይዘው ጥላ ሥር ቀሩ።

ስንመለስ ዋሻውን አልፈን ወደ ዴንቨር የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዝን። መጨረሻው አካባቢ ሜዳው ፊትህ ተዘርግቶ ይታይና የደረስክ ይመስልሃል። እዚያ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች «ገና አልወረዳችሁም» የሚል ትልቅ ምልክት ተሰቅሏል። ጋሼ ተተርጉሞ ሲነግሯቸው በጣም ሳቁ። ይህንን የጻፈው ሰው ሾፌር መሆን አለበት አሉ።

አውሮራ ስንገባ ሞተርሆሙን ለሐበሻ መካኒክ ሰጠነው። ታምቡሩን አውልቆ ሸራውን አየ። አልነደደም፣ ግን ተበልቷል፤ ገመዱ ስለላላ ፍሬኑ በሙሉ ኃይሉ እየያዘ አልነበረም። ሸራውን ቀየረ፣ ገመዱን አስተካከለ። ብዙ ወር ቆሞ የሚከርም ከሆነ ዝገት ታምቡሩን እንዳያጣብቀው በየጊዜው አስነስተን ማርሹን እንድናስገባና እንድናወጣ ነገረን። አዲስ መጠባበቂያ ስዊችም አዘዝን። ከረጢቷ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተመልሳ ገብታለች። መካኒኩ ጋሼን «ታኮዎቹን ልጣላቸው ወይ፣ እንጨቱ ተሰንጥቋል» አላቸው። መልስ እንኳ አልሰጡትም፣ አንስተው ብብታቸው ሥር ያዟቸው።