ስሙን ሸፍኜ ሳየው

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የታዳጊዎች የሥዕል ውድድር ላይ ዳኛ ነበርኩ። የቀረቡት 24 ሥራዎች ናቸው፣ ሁሉም በእርሳስና በከሰል የተሠሩ፣ ከታች በኩል የልጁ ስም ከነአባቱ ተጽፎባቸዋል። አንዱ ጋ ስደርስ የአባትየው ስም ዓይኔን ያዘው። ብዙዎቻችን የምናከብረው ሠዓሊ ነው። ልጁ የሣለው የአሮጊት እጆች ነው። አውራ ጣቱ ከመዳፉ ጋር በደንብ አልገጠመም፣ እጅጌውም በሁለት ሦስት መስመር ተጀምሮ ቀርቷል። ማስታወሻዬ ላይ «ደፋር መስመር» ብዬ ጻፍኩና ከ10 ዘጠኝ ሰጠሁት።

ትንሽ እልፍ ብሎ ረከቦት ላይ የተቀመጠ ጀበና ነበር። የልጅቷንም የአባቷንም ስም ሰምቼው አላውቅም። የረከቦቱ አንድ ጎን በመስመር ብቻ ተነክቶ ተትቷል። እዚህ ላይ የጻፍኩት «ያልተጠናቀቀ» የሚል ነው። ስድስት።

ማታ ቤት ገብቼ ማስታወሻዬን ሳነብ ደነገጥኩ። ማንም ደውሎ አደራ አላለኝም። ያንኑ ነገር አንዱ ጋ ድፍረት፣ ሌላው ጋ ጉድለት ያልኩት እኔው ነኝ። ውጤቱ ደግሞ ተነግሮ አልቋል።

እንደገና ልዳኛቸው ወሰንኩ፣ ለራሴ። በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በአንድ መጠን አሳተምኩ፣ ስሙ ያለበትን ጠርዝ ቆርጬ ጣልኩ፣ ከጀርባ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከዚያ አንድ ወር ሳልነካቸው ቆየሁ፣ ወዲያው ባያቸው የማን የማን እንደሆኑ ትዝ ይለኛል ብዬ። (እጆቹን ግን አልረሳኋቸውም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም።) በስልክ ሰዓት እየያዝኩ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ደቂቃ ሰጠሁ። እጆቹ 7 አገኙ፣ ጀበናው 8።

ከነጥቡ በላይ ያስገረመኝ ሦስት ደቂቃው ነው። በውድድሩ ቀን ጀበናው ፊት የቆምኩት ምናልባት አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። እጆቹ ጋ ግን ቆሜ፣ ጠጋ ብዬ፣ ራቅ ብዬ፣ የሆነ ነገር እስካገኝ ፈልጌያለሁ። ስም ያለው ሰው ሥራ ሲሆን «እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ብለን ነው የምንጀምረው። የፈለገ ደግሞ ያገኛል።

በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው ተማሪዎች ጋ ሞከርኩት። አንድ የከሰል ሥዕል ነው፣ ሸክም የያዘች አህያ፣ ግማሽ ወረቀቱ ባዶ። ለጠዋቶቹ የታወቀ ሠዓሊ ሥራ ነው አልኳቸው፣ ለከሰዓቶቹ የጀማሪ። ጠዋት አንዱ «ባዶው ቦታ መንገዱ ገና ሩቅ መሆኑን ያሳያል» አለኝ። ከሰዓት አንዷ «ወረቀቱ ለምን አልሞላም?» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ረጅም ክርክር ሆነ፣ ካስተማርኳቸው ክፍለ ጊዜዎች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ይህ የኛ የትንንሾቹ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላ ቤላ ፕሪንቺፔሳ የምትባል ሥዕል አለች፣ በብራና ላይ በጠመኔና በቀለም የተሠራች የወጣት ሴት የጎን ፊት። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ሥራ ተብላ በ21,850 ዶላር ተሸጠች። በኋላ አንዳንድ ባለሙያዎች የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እጅ ናት አሉ፣ እናም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች ተባለ። ሌሎች ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሾን ግሪንሃልሽ የተባለ፣ ሥነ ጥበብ በማጭበርበር ታስሮ የነበረ እንግሊዛዊ፣ የሣልኳት እኔ ነኝ፣ ሞዴሏም የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች አለ። ክርክሩ አልተቋጨም። በዚህ ሁሉ መሃል ብራናው ላይ ያለው መስመር ያው ነው። የልጅቷ አገጭ ያው አገጭ ነው።

ስም ይቅር ማለቴ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ገጣሚም እንደነበረ ማወቄ ሥዕሎቹ ፊት ረዘም አድርጎ ያቆመኛል፣ በዚህ አልጸጸትም። አሁን የማደርገው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። መጀመሪያ ስሙን ሸፍኜ አያለሁ፣ የታየኝን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ገልጬ እንደገና አያለሁ። የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም። ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ሲለይ ለምን እንደተለየ ራሴን እጠይቃለሁ፣ አንዳንዴ መልሱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ያሳፍራል።

ለውድድሩ አዘጋጆች ሁሉንም ነገርኳቸው። በቀጣዩ ዓመት ስሞቹ ከወረቀቱ ጀርባ ሆኑ። ለልጅቷ ደግሞ በመምህሯ በኩል ደብዳቤ ላክሁላት። ስለ ነጥቡ እውነቱን ጻፍኩላት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። የቀረውን ገጽ ሁሉ ስለ ጀበናው ነው የጻፍኩት፦ ከእጀታው ሥር ያለው ጥላ ወደ አንገቱ ሲጠጋ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ፣ የረከቦቱም ጎን መተዉ ዓይንን እንዴት ወደ ጀበናው እንደሚመልስ።