ሦስት ፔዳል፣ አንድ የራውተር አዳፕተር እና የእኔ ጊታር

ሐምሌ 2017 ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከሥራ ገባሁና ጊታሬን አወጣሁ፣ ፔዳሎቼን (በእግር የሚረገጡ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ ትንንሽ ሣጥኖች) ደረደርኩ። አዳፕተሬን ስፈልግ የለም። ለካ ለጓደኛዬ አውሼው ረስቻለሁ። ራውተሩ አጠገቤ ብልጭ ብልጭ ይላል። አዳፕተሩን ገልብጬ አየሁት፤ 9 ቮልት። ፔዳሎቼም 9 ቮልት ናቸው። ጫፉም ልክክ ብሎ ገባ። በቃ፣ ሰካሁት።

ምንም ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

ይበልጥ የሚያሳፍረው መተዳደሪያዬ ነው። መርካቶ (የጅማውን ማለቴ ነው) ሞባይል እጠግናለሁ። ሰው ተገቢ ያልሆነ ቻርጀር ሰክቶ ስልኩን አቃጥሎ ሲመጣ "ምነው ወንድሜ፣ የተጻፈውን አታይም?" የምለው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች ከመሰኪያው ጫፍ ኔጌቲቩን መሃል፣ ፖዘቲቩን ዙሪያውን ነው የሚፈልጉት። ራውተሩ ግን ተቃራኒው ነው። አዳፕተሩ ላይ ያለችው ትንሽዬ የክብ ሥዕል የምትናገረው ይህንኑ ነው። ቮልቱን አይቼ ሥዕሏን ዘለልኳት። ሦስቱም ፔዳሎች መብራት የሚያገኙት ከአንድ ባለ ቅርንጫፍ ገመድ ስለነበር ሦስቱም አብረው ሄዱ። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው)፣ ኮረስ (ድምፁን የሚያደራርበው) እና ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚደግመው)።

ጊታር የጀመርኩት ጥቅምት 2015 ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ትቼ፣ ያለ ፔዳል ተጫውቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። በዚያ ምሽት ግን አማራጭ አልነበረም። ጊታሩን ቀጥታ 15 ዋቷ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሰካሁትና ሁሌ የምጫወታትን የትዝታ መግቢያ ጀመርኩ።

ደነገጥኩ። በኖታና በኖታ መካከል ባዶ ቦታ አለ። የግራ እጄ ጣት ቀጣዩን ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለውን እርከን) ሳይዝ በፊት ያለፈውን እየለቀቀ ነው። ድምፁ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፣ ይቋረጣል። ለሁለት ዓመት ዲሌዩ ያንን ጉድጓድ ሲሞላልኝ ኖሯል። ፒኩም (ክሩን የምመታበት ቁራጭ) እንደዚያው። ወደ ታች ስመታ ጎላ ይላል፣ ወደ ላይ ስመልስ ይሰንፋል። ይህንን ደግሞ የደበቀልኝ ዲስቶርሽኑ ነው። ዲስቶርሽን የሚሠራው የድምፁን ጫፍ እየቆረጠ ነው። ጠንክራችሁ መታችሁም፣ ዳሰስ አደረጋችሁም፣ ተቆርጦ ሲወጣ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ያንን እኩልነት እኔ የእጄ ችሎታ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ለአንድ ሳምንት ጊታሩን አልነካሁትም። ተናድጄ ነው።

ስመለስ መጀመሪያ ያስቸገረኝ ጩኸት ነው፤ እዝዝዝ የሚለው። ጊታሬ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ነው። የፒክአፑ (ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚይዘው) ጥቅል ሽቦ የክሩን ንዝረት ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ እንደ አንቴና ሆኖ ከግድግዳው መብራትም ይለቅማል። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ከሶል ትንሽ ከፍ ያለ በጣም ወፍራም ድምፅ ነው። ስለዚህ ቤቴ ሌት ተቀን ከቅኝት ትንሽ የወጣች ሶል ያንጎራጉራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ትንሽ አሳቀኝ። መፍትሔው ቀላል ሆነ። የስልክ ቻርጀሩን ነቀልኩ። ፍሎረሰንቱን አጠፋሁ። ወንበሬን ዞር እያደረግኩ ጩኸቱ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ፈለግኩ። አሁን የምቀመጠው ፊቴን ወደ ቁምሳጥኑ አድርጌ ነው። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይገርመዋል፣ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ያስቸገረኝ ነገር ክሩ ነው። ድምፁ ደብዛዛ እየሆነ ሲያስቸግረኝ ከረመ። ፔዳል በነበረኝ ጊዜ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) መጨመር ብቻ ነበር ሥራዬ። አሁን የምጨምረው ነገር የለም። ክሩን በጣቴ ሳብ ሳደርግ ጣቴ ላይ ቡናማ ነገር ቀረ። ዝጓል። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የሰቀላችሁት ልብስ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጠብቄ አንድ ጥቅል 9 ቁጥር (ቀጭን) ክር አስመጣሁ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ክር ስለሆነ አሁን ተጫውቼ ስጨርስ በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ እጠርገዋለሁ። ተራ ነገር ይመስላል። ከገዛኋቸው ፔዳሎች ሁሉ ይልቅ ድምፄን የቀየረው ግን ይሄ ነው።

ነሐሴን በሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው። ያችኑ የትዝታ ሐረግ ፒኩን ቦታ እየቀየርኩ መጫወት። ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት) ስጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይደርቃል። የቀኝ እጄን መዳፍ ጎን ብሪጁ ላይ ቀለል አድርጌ ሳስደግፈው ክሩ ቶሎ ይታፈንና ወደ ክራር ይሄዳል። ወደ አንገቱ ስወጣ ደግሞ ይወፍራል። ከዚያ የጊታሩን ቮልዩም ነካካሁት። እስከዚያን ቀን ድረስ 10 ላይ ተጣብቆ የኖረ ቁልፍ ነው። 7 አካባቢ ሳወርደው ድምፁ መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ይለሰልሳል፣ ጫፉም ይደፈናል። ትዝታ 7 ላይ ያምራል። አንቺሆዬ ግን 10 ላይ ካልሆነ አይነክስም። የግል አስተያየቴ ነው፣ አትጣሉኝ።

መብራት ሲጠፋም ጥሩ ሆነ፤ አምፑም ስለሚተኛ ባዶውን ጊታር በጨለማ እጫወታለሁ። ፍሬቱ ላይ ክሩ ሲንጫጫ፣ ጣቴ ሲንሸራተት፣ ሁሉም ይሰማል። የሚያሳጣ ነው።

አንድ ክራር የሚጫወት ወዳጄ መስከረም ላይ መጥቶ ሰማኝ። በፊት ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ሰምቶ "ጎበዝ፣ በል ቡና እንጠጣ" ነበር የሚለው። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ሰማና "አሁን የት ጋ እንደምትሳሳት ገባኝ" አለኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

እዚህ ላይ "አያችሁ፣ ፔዳል ማታለያ ነው፣ ወንድ ከሆንክ ባዶውን ተጫወት" የሚሉ ይመጣሉ። አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ጥቅምት ላይ ንዴቴ በርዶ ፔዳሎቹን ፈታኋቸው። ዲስቶርሽኑና ዲሌዩ መግቢያቸው ላይ መከላከያ ዳዮድ አላቸው። መብራቱ ተገልብጦ ሲመጣ ዳዮዱ ራሱ ላይ ያሳልፈውና እሱ ይሞታል፣ የቀረው ይተርፋል። ከአንድ የተጣለ ሬዲዮ ላይ ሁለት ዳዮድ ነቅዬ በየድኳቸው። በሃያ ደቂቃ ሁለቱም ተነሡ። ሦስት ወር ሙሉ የተቆጣሁት ለሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር!

ዲሌዩን ስመልሰው ግን እንደ ድሮው አላደረግኩትም። ድሮ ድግግሞሹን አብዝቼ እንደ ጭጋግ ነበር የምለቀው። አሁን አንድ ድግግሞሽ ብቻ፣ እንደ ራሴ ድምፅ ጮክ አድርጌ፣ 500 ሚሊ ሰከንድ ላይ አስቀመጥኩት። ያ በደቂቃ 120 ምት ነው። በየምቱ አንድ ኖታ ስመታ የበፊተኛው ማሚቶ ከአዲሱ ኖታ ጋር መግጠም አለበት። ከገጠመ አንድ "ጠቅ" ይሰማል። ከቸኮልኩ "ጠ-ጠቅ" ይላል። ስንት ዓመት በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ስለማመድ ያልታየኝ መቸኮል በአንድ ምሽት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሁሌ ሦስተኛው ኖታ ላይ ነው የምቸኩለው።

ከዚያ ወደ ችክችካ ምት ወሰድኩት። ስድስት ስንቆጥር ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አለ። ትልቁ ምት 500 ከሆነ ትንሿ 167 ገደማ ናት። ዲሌዩን 333 ላይ ሳደርገው አንድ ላይ የመታሁት ሦስት ላይ ይመለሳል። ሁለተኛ ጊታር የሚጫወት ሰው ቤት የገባ ነው የሚመስለው። ሞክሩት፣ ግን ድግግሞሹ ከአንድ አይብለጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ሁሉም ቅኝት ዲሌይ አይችልም። ትዝታ ሜጀር ላይ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ በአንድ ፍሬት ብቻ የሚራራቁ ሁለት ኖታዎች የሉም። ማሚቶው በየትኛውም ላይ ቢወድቅ ይቻቻላሉ። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ከዶ በአንድ ፍሬት ብቻ የምትርቅ ሬ ፍላት አላቸው። ማሚቶው ዶን ይዞ ሲመጣ እኔ ሬ ፍላት ላይ ከሆንኩ ሁለቱ ይጣላሉ። በዲስቶርሽን ላይ ደግሞ ጠቡ ይብሳል፤ ሁለት ድምፅ አብሮ ሲቆረጥ ያልመታችኋቸው ሌሎች ድምፆች ስለሚወለዱ ዶና ሶል ቢያልፉም ዶና ሬ ፍላት ጭቃ ይሆናሉ። ለዓመት ያህል "አንቺሆዬ አልገባህ አለ" እያልኩ ጊታሬን ስከስ ነበር። ጥፋቱ የእግሬ ነው፤ ፔዳሉን ማጥፋት ነበረብኝ።

ስለ ዲስቶርሽን ካነሳሁ የአከራዬን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ቀን እማማ ቡና አፍልተው ሊጠሩኝ በር ላይ ቆመው፣ "ማሎ ልጄ፣ ያ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ ሆን ብለህ ነው እንደሱ የምታስጮኸው?" አሉኝ። ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ጥያቄያቸው ልክ ነው። ኪንክስ የሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያንን ሻካራ ድምፅ ያገኘው የአምፑን ስፒከር በምላጭ ቀዶ ነው። ነገሩ ጥንቱንም ተበላሽቶም ሆን ተብሎም ነው። ይህን ለእማማ አስረዳኋቸው። "አሁን አንተም ልትቀደው ነው?" አሉኝና ስኒውን ሰጡኝ።

ኅዳር 2018 ላይ ያለሁበት ይህ ነው። ከሳምንቱ አራት ቀን ቀጥታ አምፕ፣ ሁለት ቀን ዲሌይ ብቻ። ዲስቶርሽን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማማ ገበያ ሲወጡ። የግራ እጄ መቋረጥ ትዝታ ላይ ጠፍቷል፣ ባቲ ላይ ትንሽ አለ። ወደ ላይ የሚመለሰው ፒክ ገና ሰነፍ ነው። የማሲንቆን መንሸራተት በአንድ ክር ላይ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው፤ ለጊዜው እንደ ድመት ነው የሚጮኸው።

ኮረሱ አልተነሣም። ዳዮድ ያልተደረገለት እሱ ብቻ ነበር፣ ቺፑ ራሱ ሄዷል። መሳቢያ ውስጥ አለ። ቺፑን አዲስ አበባ የት እንደሚሸጡ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።